ሁለት መንደር ያስታርቃል ብለን የጠበቅነው ጌም

በነገሩ ውስጥ የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። አንተነህ፣ እንጅባራ ላይ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ የነበረው፤ ኮምፒውተሩም የእሱ ነው። እናንዬ፣ እዚያው ሱቅ ታይፕ የምትመታ፣ በእንግሊዝኛ ከሁላችንም የምትሻል፣ ምላሷም የምትሰላ፤ ኋላ የልጄ እናት የሆነች። ጥሩዓለም፣ ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብሎ ካለ ገጠር የመጣ፣ አዊኛውንም አማርኛውንም እኩል የሚናገር ከሰል አምራች። ይርሳው፣ የጥሩዓለም ታላቅ ወንድም። አምስተኛው እኔ ነኝ። ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ ሬዲዮና ሞባይል እየጠገንኩ እኖራለሁ፤ ሽፋኑ የተገነጠለ መዝገበ ቃላት ይዤ ራሴን በራሴ አስተምራለሁ፤ ሳይጠይቁኝ ምክር እሰጣለሁ። «የኔታ» ይሉኝ ነበር። አክብሮት እንዳልሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ይህን ሁሉ ያስነሳችው ልጄ ናት። አሥር ዓመቷ ነው። ባለፈው ረቡዕ ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን ሳታወርድ የእናቷን ስልክ አንስታ ዓይኔ ሥር ደቀነችው። «አባዬ፣ አዲሱን ሊያወጡት ነው! እየው፣ እየው!» በቤታችን ከሰኞ እስከ ዓርብ ጌም የሚባል አይነሳም፤ ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ልቆጣ አፌን ስከፍት የጌም ሠሪዎቹ ምልክት ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። እነዚያው ናቸው። ይህን ያህል ዓመት አልፎ ምልክታቸው እንኳ አልተለወጠም። ቁጣዬን ዋጥኩት። ልጄ ስለሚመጣው ጌም ትንፋሽ ሳትወስድ ታወራለች፤ አገሩ ከቀድሞው ሦስት እጥፍ ይሰፋል፣ ያገኘኸው ሰው ሁሉ ያደረግክለትን አይረሳም፣ ያፈረስከው ድልድይ ፈርሶ ይቀራል።

«ታውቃቸዋለህ እንዴ?» አለችኝ፣ ምልክቱ ላይ ማፍጠጤን አይታ።

«አውቃቸዋለሁ። ደብዳቤ ጽፌላቸው ነበር።»

ሳቀች። አባቷ ለጌም ሠሪ ደብዳቤ ይጽፋል ብላ ማመን አቃታት። ግማሹን ታሪክ ነገርኳት። እናንዬ ሽንኩርት እየከተፈች ስታዳምጥ ቆይታ፣ «ሙሉውን ንገራት እንጂ፤ የዛፉንም» አለች። የዛፉን ያን ቀን አልነገርኳትም። እዚህ የምጽፈው ለዚያ ነው።

የጀመረው በሁለት ሺህ አራት ዓ.ም. ክረምት ነው። የእንጅባራን ክረምት ላልኖረበት ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ጭጋጉ ከጥርባ በኩል ይነሳና አስፋልቱ ላይ ይተኛል፤ መኪኖች በቀትር መብራት አብርተው ያልፋሉ፤ የታጠበ ልብስ ሳምንት ተሰጥቶ እርጥብ ይገባል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ምሳችንን በልተን አንተነህ ሱቅ እንሰበሰባለን። ሱቁ እሑድ ለደንበኛ ዝግ ስለሆነ በሩን ገርበብ ያደርገዋል። እናንዬ በሰሃን የተቀቀለ ድንች ይዛ ትመጣለች፤ ልጣጩን በጣታችን እየገፈፍን በጨውና በሚጥሚጣ እንበላለን። የድንቹ እንፋሎትና የዝናቡ ሽታ አሁንም አንድ ላይ ይመጡብኛል። ኪቦርዱ ውስጥ ጨው የገባውም ያን ጊዜ ነው፤ አንተነህ እስከ ዛሬ ይወቅሰናል።

ጌሙን ከባሕር ዳር በፍላሽ ያስቀዳው አንተነህ ነው። ኳስ እንደሚያንከባልሉበት ወይም መኪና እንደሚያሽቀዳድሙበት ዓይነት አይደለም። አንድ ሰው ሆነህ ትገባለህ፣ ስም ታወጣለታለህ፣ በፈረስ አገር ለአገር ትዞራለህ፣ ካገኘኸው ሰው ጋር ትነጋገራለህ፤ የመረጥከው መልስ የሚደርስብህን ይወስናል። ገጹን አንተው የምትጽፈው መጽሐፍ በለው። ስለ ጌም ክፉ የሚያወሩ አባቶች አሉ፤ እኔም አንዱ ነኝ። ግን እውነት መናገር ካለብኝ፣ «መሐላ»፣ «ግብር»፣ «ከበባ» የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት መምህር አላስተማረኝም። እየተጫወትኩ ከመዝገበ ቃላት የለቀምኳቸው ናቸው።

እኛ ጨዋታውን በወንፈል አደረግነው። ገበሬ ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን ማሳ ተጋግዞ እንደሚሠራ፣ እኛም አንድ ሰው ለአራት እናንቀሳቅሳለን። ሰውየውን «አበጀ» አልነው። ተራው የደረሰ ይነዳል፤ ከባድ ምርጫ ሲመጣ ግን አራታችን ሳንስማማ ማንም አይነካም።

ታዲያ አበጀ በጉዞው አንድ ሸለቆ ደረሰ። ላይኛው መንደርና ታችኛው መንደር በአንድ የወፍጮ ውኃ ተጣልተዋል። የላይኛው አለቃ «የታችኞቹን ወፍጮ አቃጥልልኝ» ይለዋል፤ የታችኛውም አለቃ እንደዚያው። መልሱ ሦስት ብቻ ነው፦ እሺ፣ እምቢ፣ ቆይ ልመለስ። ጥሩዓለም ተራው በደረሰ ቁጥር «ቆይ ልመለስ» የሚለውን ይጫንና በፈረስ ወደ ሌላኛው መንደር ይሄዳል። እዚያም «ቆይ ልመለስ» ይላል። አራት እሑድ ሙሉ ሲመላለስ ከረመ።

«ኧረ ፈረሱ ሞተ!» አለች እናንዬ። «አበጀን መንገድ ላይ አስረጀኸው እኮ!»

«ሽማግሌ ሳይላክ ይቃጠላል እንዴ? እዚህ አገር ሽማግሌ የለም?»

«ፈረንጅ ነው» አለ አንተነህ። «ፍርድ ቤት ነው የሚሄዱት።»

«ፍርድ ቤትም የላቸውም። ዞሬ አይቻለሁ።»

እንስቃለን፤ ሳቃችን ግን ቶሎ ይቆማል። ለምን እንደሚመላለስ ሁላችንም እናውቃለን። ጥሩዓለምና ይርሳው አባታቸው ከሞተ ወዲህ አይነጋገሩም። አባታቸው በሁለቱ ድርሻ መሐል አራት መስመር ዲከረንስ ተክሎ፣ ለማን እንደሆነ ሳይናገር ነው የሞተው። ዲከረንስ በአራት በአምስት ዓመቱ ተቆርጦ ከሰል የሚሆን ዛፍ ነው፤ በእኛ በኩል ስንት ቤት ቆርቆሮ የለበሰው በእሱ ነው። ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ ተቀመጡ፣ ሁለቱንም ጊዜ ሳይሳካላቸው ተነሱ። በመጨረሻ «እስክትታረቁ በአራቱ መስመር ላይ የማናችሁም መጥረቢያ አይረፍ» ብለው በእግዜር ስም ገዘቷቸው። ግዝት ማፍረስ በእኛ አገር ዛፍ መቁረጥ ብቻ አይደለም፤ የገዘተህን ሰውም የተገዘተበትን ስምም መድፈር ነው።

ጥሩዓለምን ያሳደገው ይርሳው ነው። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች በጀርባው አዝሎ ጅረት ያሻግረው ነበር ይባላል። አሁን ታናሹ እንጅባራ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል፤ ማሳውን ለማየት ሲሄድ በወንድሙ ደጃፍ ላለማለፍ ጅረቱን ዞሮ ይገባል።

የሚቀጥለውን ጌም ወሬ ያገኘሁት እኔ ነኝ። መስከረም ላይ ነው፣ ሜዳው ቢጫ በሆነበት ሰሞን። ኔትወርክ የሚሻለው ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ስለነበር እዚያ ቆሜ ገጹን በስልኬ ከፈትኩት። እስኪመጣ እሸት በቆሎ ከምትጠብሰው ሴት ሁለት ገዝቼ ጨረስኩ። ጽሑፉን በእርሳስ ደብተሬ ላይ ገለበጥኩና ሦስት ቀን ከመዝገበ ቃላቱ ጋር ተቀመጥኩ። እሑድ ለጓደኞቼ እንደ ደብዳቤ አነበብኩላቸው። አገሩ ይሰፋል ይላል። ፈረሱ ይዋኛል ይላል። ሴት ሆኖ መጫወት ይቻላል ይላል። የመረጥከው ነገር እስከ መጨረሻው ይከተልሃል ይላል።

ጥሩዓለም ድንቹን እንደያዘ «ስለ እርቅስ?» አለኝ። «የተጣሉትን ስለ ማስታረቅ የሚለው የለም?»

ዓይኑን አየሁት። «አለ» አልኩ። «በአዲሱ ሁለት ወገን ማስታረቅ ይቻላል ይላል።»

አይልም። ደብተሬ ውስጥ እንዲህ ያለ መስመር አልነበረም። ለብዙ ዓመት አዝኜለት ነው ብዬ ራሴን ሳሳምን ኖሬአለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን፣ የምሥራች ይዞ የሚመጣው ሰው እኔ መሆኔን ስለምወድ ነው። ራሱን በራሱ የሚያስተምር ሰው አንድ አደጋ አለበት፤ ሲሳሳት የሚያርመው የለም፣ ሲዋሽም የሚይዘው።

ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ያህል ጠበቅን። ስለ መጠበቅ አንድ ነገር ልናገር፤ ያልመጣ ነገር ማንንም አያሳፍርም። ሁሉም የሚሻውን ይጭንበታል። አንተነህ ስክሪኑን ወደ በሩ አዙሮ ሰው በክፍያ ሊያሳይበት አስቧል። እናንዬ ሴት ተዋጊ ትጠብቃለች፤ «ግን ልብስ ያልብሷት፤ በዚያ በረዶ እንደ ቀድሞዋ በቁራጭ ቆርቆሮ እንዳትሄድ!» ትላለች። ጥሩዓለም እርቁን። እኔ ደግሞ ውሸቴ ወሩ ሲደርስ እውነት ሆኖ እንዲገኝ። ከሁሉም ይበልጥ በጭንቀት የምጠብቀው እኔ ነበርኩ።

ደብዳቤውን የጻፍነው በዚያ መሐል ነው። እኔ በትልልቅ ቃላት አዘጋጀሁት፣ እናንዬ ትልልቆቹን አወጣቻቸው። የጥሩዓለም ተራ ሲደርስ እጁን አጣምሮ ቆሞ አስጻፈ።

«መጀመሪያ ሁለቱን ለየብቻ ያነጋግሯቸው። ሲያቀርቧቸው ታላቁን አያስነሱት፤ ታናሹ ይነሳ። ታናሹ ከተነሳ ታላቁ ያፍራል።»

«ይቻላል ካሉ ያውቁበት የለም?» አልኩት።

«አሠራሩን እንዳይስቱት ነው።»

እናንዬ ታይፑን አቆመች። «ጥሩዓለም፣ ይኸ ለእነሱ ነው ለራስህ?»

ሳቀና «ምቺ፣ ምቺ» አላት። ደብዳቤው በኢሜይል ሄደ። መልስ አልመጣም። አልቀየምናቸውም፤ ስንቱን ይመልሱ!

ጌሙ በሁለት ሺህ ስድስት ሰኔ ላይ ይወጣል ተባለ። የሚያስፈልገውን ኮምፒውተር እናንዬ ስታነብልን አንተነህ ወንበሩ ላይ ሟሸሸ። ቢያንስ ስዕሉን የሚያወጣ ካርድ መግዛት ነበረብን፤ ዳንግላ ደግሞ አሮጌ ኮምፒውተር እየፈታ የሚሸጥ ሰው አለ። ያለንን አዋጣን፣ አልበቃም። ጥሩዓለም «የእኔን ዛፍ እንቁረጥ» አለ።

ጥር ላይ አራታችን በወንፈል ወደ ጥሩዓለም ማሳ ወረድን። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ሣሩ ላይ ጠዋት ጠዋት አመዳይ የሚያድርበት ጊዜ ነው። የከተማ እጃችን በግማሽ ቀን አበጠ። እንቆርጣለን፣ እንከምራለን፣ በሣርና በአፈር እንደፍናለን፤ ከዚያ ጢሱ ነጭ ሆኖ ቀስ እያለ ሲወጣ እየተጠበቀ ቀናት ይሄዳሉ። ገብስ ቆሎ እያሻሸን እንበላለን። ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ሰሞን የሳቅኩበት ጊዜ የለም። ነገር ግን የጥሩዓለም ዛፍ ገና ሦስት ዓመቱ ስለነበር ቀጭን ነው፤ ሲቃጠል ከሰሉ ከጣት አይወፍርም። ስንት ማዳበሪያ እንደሚሞላ ስናሰላ አሁንም አይበቃም።

አራቱ መስመር እዚያው አጠገባችን ቆሟል። ወፍራም፣ የደረሰ።

«ሁለቱ መስመር ያንተ መሆኑ ይቀራል?» አልኩት።

«ግዝት አለበት እኮ፣ የኔታ።»

«ግዝቱ ለተጣላ ነው። አንተ ልትጣላ አይደለም። ስትታረቁ ትነግረዋለህ።»

እናንዬ መጥረቢያዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «እኔ አልነካም» አለች። አንተነህ ወደ እኔ አየ፣ ወደ ጥሩዓለም አየ። ጥሩዓለም አልተንቀሳቀሰም። የመጀመሪያውን ዛፍ የጣልኩት እኔ ነኝ። ሰው ሲዋሽ የምገስጸው፣ ወጣቶችን ስለ ምግባር የምሰብከው እኔ፣ ሽማግሌ የገዘተውን ዛፍ ለጌም ብዬ ቆረጥኩ። ከእኔ በኋላ ጥሩዓለም መጥረቢያውን አነሳ። እስከ ማታ ሁለት መስመር ወደቀ።

ካርዱን ልንገዛ ዳንግላ የሄድነው እኔና ጥሩዓለም ነን። ሚኒባሱ ውስጥ ጉልበታችን ከፊት ወንበር ጋር ተጣብቆ፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የተደረደረውን የከሰል ማዳበሪያ እያየን ሄድን። ዕቃውን በጋዜጣ አስጠቅልለን ከያዝን በኋላ አንድ ምግብ ቤት ገብተን ዳቦ በማር አዘዝን። ጥሩዓለም ጣቱን እየላሰ እንዲህ አለኝ፦

«የኔታ፣ ያ ጽሑፍ እርቁን ማን ይጀምረዋል ይላል?»

«አይዘረዝርም» አልኩ።

«አይዘረዝርም?»

«አይዘረዝርም።»

ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ የራሱን ማር ወደ እኔ ገፋው። ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ሚኒባሱ ጥሩምባ ነፋ፣ ተነሳን። ጥሩምባውን እንደ ሰበብ ተጠቀምኩበት እንጂ፣ እስከ እንጅባራ ያለው መንገድ ለአሥር ኑዛዜ ይበቃ ነበር።

መጋቢት ላይ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ አዲሱን ካርድ አስገብተን አሮጌውን ጌም ጥርት ባለ ስዕል እያየን ሳለ በሩ ተከፈተ። ካፖርት የለበሰ፣ ዱላ የያዘ፣ ጥሩዓለምን የሚመስል ጎልማሳ ገባ። በከሰል አይሱዙ ተሳፍሮ ስለመጣ ትከሻው ጠቁሯል። ይርሳው ነበር። ሁላችንም ተነሳን።

«አያ» አለ ጥሩዓለም።

«ቁጭ በሉ። ልጣላ አልመጣሁም። ሁለት መስመር የበላውን ዕቃ ልየው ብዬ ነው።»

አንተነህ የኮምፒውተሩን ሣጥን በጣቱ ነካ አደረገ። «እዚህ ውስጥ ነው፣ ጋሼ። አይታይም።»

«አይታይም?»

«አዎ፣ ውስጥ ነው።»

«ምን ይሠራል?»

«ስዕል ያጠራል» አለች እናንዬ በቀስታ።

ይርሳው ወንበር ስቦ ስክሪኑ ፊት ተቀመጠ። ሸለቆው፣ ወፍጮው፣ ሁለቱ መንደሮች ይታያሉ። ጥሩዓለም በአዊኛ ጀምሮ ወደ አማርኛ አለፈ፤ ለእኛ ብሎ ይሁን፣ አማርኛው ለዚህ ነገር ይቀለው እንደሆነ አላውቅም። ላይኛውንና ታችኛውን አሳየው፣ የተጣሉበትን ውኃ አሳየው።

«አንተ ከማን ወገን ነህ?»

«ከማንም። አዲሱ ሲወጣ እናስታርቃቸዋለን።»

«እስከዚያ?»

«እመላለሳለሁ።»

«ዓመት ሙሉ? በዚህ ፈረስ?»

«በዚህ ፈረስ።»

ይርሳው ስክሪኑን ትቶ ወንድሙን አየው። «ከአንተ ማሳ እኔ ደጃፍ ለመምጣት ፈረስ አያስፈልግህም ነበር» አለ።

ተነሳ። ድምፁ አልጎላም። «ሽማግሌዎቹ የሚመጣው እሑድ ይቀመጣሉ። ግዝት ፈርሷልና አራተኛ ጊዜ አይሰበሰቡልንም። ከመጣህ መጣህ። ካልመጣህ እንግዲህ እኔም ወንድም ነበረኝ እላለሁ።» በሩን ዘግቶ ወጣ።

ከዚያ በላይ መሸከም አልቻልኩም። «ጥሩዓለም፣ ዋሽቼሃለሁ» አልኩ። «ጽሑፉ ስለ እርቅ ምንም አይልም። ከራሴ ጨምሬ ነው።»

ጥሩዓለም ጨው የነካውን ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገ። «አውቃለሁ» አለኝ። «ደብተርህን እናንዬ ያን ሰሞን አንብባልኛለች።»

«ታዲያ ዓመት ከመንፈቅ ምን ትጠብቃለህ?»

«መጠበቁን ነዋ። ከመሄድ ይቀላል።»

እናንዬን አየኋት። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ስታስበው የኖረችውን ኋላ፣ ከተጋባን በኋላ ነግራኛለች፤ እኔ ራሴ እስክናገር ስትጠብቀኝ ነበር። እሷም ጠባቂ ነበረች ማለት ነው።

በሚቀጥለው እሑድ አራታችን ወረድን። ጥሩዓለም ያን ቀን ጅረቱን አልዞረም፤ በቀጥታ በወንድሙ ደጃፍ በኩል ገባ። በእኛ ደንብ የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቃል። የመጀመሪያውን ዛፍ የጣልኩት እኔ ስለሆንኩ እኔም እሸከማለሁ አልኩ። በሩ አጠገብ ደህና ጠፍጣፋ ድንጋይ አግኝቼ አንገቴ ላይ አድርጌ፣ ወገቤ ጎብጦ፣ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆምኩ። የተዘጋጀሁበት ንግግር ነበረኝ።

ይርሳው ድንጋዩን አተኩሮ አየ። «ይህን ከየት አመጣኸው?»

«ከዚያ፣ ከደጅ ነው።»

«የከብቶቼ በረት ካብ ነው። ስትወጣ መልሰው፣ ጥጃ ይወጣብኛል።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ፣ ሌላው መሸፈን አልቻለም። ንግግሬ ጠፋብኝ። «ዛፉን እንዲቆርጥ የመከርኩት እኔ ነኝ፤ ይማሩኝ» ብቻ አልኩ። በሕይወቴ ካደረግኩት ንግግር ሁሉ አጭሩ እሱ ነው፣ የተሳካውም እሱ።

ጥሩዓለም ማንም ሳይጠራው ተነሳ። ወደ ወንድሙ ጉልበት ዝቅ ሲል ይርሳው አላስጨረሰውም፤ በብብቱ ይዞ አቆመው፣ ፊቱን ግን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ማየት ነውር ስለሆነ ሁላችንም መሬት መሬቱን አየን። ሽማግሌዎቹ ለፈረሰው ግዝት በግ እንዲታረድ፣ ለሁለቱ መስመር ካሳ እንዲከፈል ፈረዱ። የቀሩት ሁለት መስመሮችም በጋራ እንዲቆረጡ፣ ክረምት ሲገባ ወንድማማቾቹ አራቱንም መስመር አንድ ላይ እንዲተክሉ ወሰኑ። እንደተባሉትም አደረጉ። ሐምሌ ላይ እኛም ችግኝ ልናቀብል ወርደን በጭቃ ተለውሰን ተመለስን።

ጌሙ እንደተባለው ወጣ፤ ቅጂው ባሕር ዳር የደረሰው ጳጉሜ ላይ ነው። ካርዱ ቻለው። አገሩ ሰፊ ነው፣ ፈረሱ ይዋኛል፣ እናንዬ የመረጠቻት ሴትም የሚሞቅ ልብስ ነበራት። እርቅ ግን የለም። ሁለት የተጣሉ ቤቶች ነበሩ፤ አንዱን መርጠህ ሌላውን ትወጋለህ። ይርሳው እንጅባራ በመጣ ቁጥር በበሩ አንገቱን ያስገባና «አስታረቃችሁ?» ይላል።

«አይሆንም ይላል፣ አያ።»

«እንግዲያው ሠሪዎቹ ወንድም የላቸውም።»

ጥሩዓለም ሦስት እሑድ ተጫውቶ ተወው፤ ሥራም በዛበት። አንተነህ ሰው በክፍያ ሊያሳይ ያሰበው አንድም ከፋይ አላገኘም። እስከ መጨረሻው የተጫወትኩት እኔ ብቻ ነኝ። ደግሞ ጥሩ ጌም ነበር፤ ይህን ካልተናገርኩ አድላለሁ። ሠሪዎቹ የገቡትን ቃል ፈጽመዋል። ያልገቡትን ቃል በስማቸው የገባሁት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ዕለት ለልጄ የዛፉን ነገርኳት። ቁጭ ብላ ሰማችኝ። በመሐል አንድ ጊዜ ብቻ፣ «አባዬ፣ አንተ ዋሸህ?» አለች። አዎ አልኳት። አባት ለልጁ ይህን መናገር ያዋርደዋል የሚሉ አሉ፤ እኔም ከሚሉት አንዱ ነበርኩ። ልጄ ግን ወደ እኔ ጠጋ ብላ ተቀመጠች እንጂ አልራቀችም።

አዲሱን ጌም ትጠብቅ፤ አልከለክላትም። መጠበቅ ደስ ይላል፣ ለሰውም ተፈቅዷል። ክፉው ግን ዛሬ ሄደው ሊያንኳኩት የሚገባውን በር ነገ በሚመጣ ነገር አሳብቦ መተው ነው። ከጓደኛዋ ጋር እንደተኳረፈች አውቃለሁና ይህንንም ጨመርኩላት። ምክር ማብዛቴ አልቀረም።

«ሳናስቀዳ በገንዘባችን እንገዛዋለን፣ አይደል?» አለች ልጄ። «እናንተስ ስንት ፈጀባችሁ?»

እኔ ረስቼዋለሁ። እናንዬ ግን ያን ጊዜ ሁሉንም በታይፕ ጽፋው ስለነበር በቃሏ ታውቀዋለች። ከጓዳ ሆና ቆጠረችልን፤ ካርዱ፣ የዳንግላው መንገድ፣ ካሳው፣ በጉ፣ ጠላው፣ ለፍላሹ ቅጂ ደግሞ ሃያ ብር። ለሠሪዎቹ ከኛ አምስት ሳንቲም አልደረሳቸውም። ለአምስታችን ሁሉም ተደምሮ፣ ስድስት ሺህ አራት መቶ ሃያ ብር።